ከሰርትራሊን ጋር ከአሜሪካ የመጣ ቫይታሚን እየወሰድኩ ነው፤ ችግር አለው?

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ መንቃት ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ታክሲ ውስጥ መሀል ላይ ከተቀመጥኩ ካራ ሳንደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል። በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄጄ ለጭንቀቱ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም ታዘዘልኝ። ዛሬ 3 ሳምንት ሆነኝ፤ ትንሽ ለወጥ ብሎኛል፣ ግን ገና ነው።

አክስቴ ደግሞ ከሜሪላንድ በሰው እጅ ሦስት ዕቃ ላከችልኝ። አንዱ ማግኒዥየም፣ አንዱ ኦሜጋ 3፣ ሦስተኛው ቢጫ አበባ ያለበት "ለመረጋጋት" የሚባል ነገር። "ይሄ ተፈጥሮ ነው፣ እንደ ሐኪም ኪኒን አይደለም" አለችኝ። ሰፈራችን ያለ ፋርማሲ ገብቼ ብጠይቅ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "ቫይታሚን ምንም አይልም" አለኝ። ሦስቱንም ከጀመርኩ 4ኛ ቀኔ ነው። ከትናንት ጀምሮ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ ሆዴም ተበላሽቷል። ጭንቀቱ ብሶብኝ ነው? ቀጠሮዬ የዛሬ ወር ነው።

ኪኒን ቆጣሪው፦
እህቴ፣ ሌላውን ለጊዜው ተዪውና አበባ ያለበትን ዕቃ ገልብጪው። ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቢልኝ። ሴንት ጆንስ ዎርት ወይም ሃይፐሪከም የሚል አለ?

የለገጣፎዋ፦
የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁት። አለ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሴንት ጆንስ ዎርት 300 ሚሊግራም ይላል። በቀን ሦስቴ ውሰጂ ስለሚል ሦስቴ ነው የምውጠው።

ኪኒን ቆጣሪው፦
በቃ እሱን አሁኑኑ አቁሚ። የምሬን ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ያ ልጅ ዕቃውን ተቀብሎ ሳያይ እንደዚያ ማለቱ አናዶኛል።

ሰርትራሊን አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከፍ ያደርጋል። ያ አበባም ያንኑ ነው የሚያደርገው። ሲደራረቡ ከልክ ያልፍና መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የልብ ድለቃ፣ መቁነጥነጥ ይመጣል። ክፋቱ ምን መሰለሽ፣ ምልክቱ ራሱ ጭንቀት ይመስላል፤ ስለዚህ ሰው በሽታዬ ባሰብኝ ብሎ አበባውን ይጨምርበታል። የወር ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ ወይም ሂጂ፣ የሚቀጥለውን ሰርትራሊን መዋጥ አለመዋጥሽንም እሱ ይንገርሽ። ትኩሳት ከመጣ፣ ሰውነትሽ ከገተረ ወይም ነገር ከተምታታብሽ ግን መደወሉን ተዪና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

አንድ ነገር ልጨምር። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስጂ ከሆነ ያ አበባ ኃይሉን ይቀንሰዋል፤ ኪኒኑንም ክንድ ላይ የሚቀበረውንም። ካቆምሽው በኋላም ለሳምንታት ስለሚቆይ እሱንም ጠይቂ። የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ፈጽሞ አይሆንም። ይሄን የምጽፈው ሌሎች እንዲያነቡት ነው።

ማግኒዥየሙና ኦሜጋ 3ቱስ?

ከሰርትራሊን ጋር ብዙም አይጣሉም። ማግኒዥየም ግን ሆድ ያላላል፣ የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ያስፈራል። ሲፕሮ ወይም ዶክሲ የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከታዘዙልሽ ከማግኒዥየሙ ጋር አንድ ላይ አትዋጪ፤ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዝና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፣ ሰዓት አራርቂው። ኦሜጋ 3 በልኩ ከሆነ ችግር የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይልቅ አድቪልና ዲክሎፌናክ የሚባሉት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ሰርትራሊን እየወሰዱ እነሱን ማዘውተር ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻም ሴሮቶኒኑ ላይ ይጨምራል፣ ሳትጠይቂ እንዳትነኪው።

እማማ ሰንዳፋ፦
አይዞሽ ልጄ። እኔም ዓቢይ ጾም ሲወጣ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ ሰው ስጠራ ስሙ ይጠፋኛል። ጎረቤት ሁሉ "መንፈስ ነው" አለኝ። ደም ስመረመር ቫይታሚን ቢ12 በጣም ወርዶ ተገኘ። ለካ ጾሙ ብቻ አይደለም፣ ለጨጓራዬ ኦሜፕራዞል ስውጥ ዓመታት አልፈውኛል፣ እሱም ቢ12ን ያሳንሳል አሉኝ። በመርፌ ተተካልኝና እጄ ተመለሰ። ጭንቀቱ ግን ቀረ ልልሽ አልችልም፣ ለእሱ የታዘዘልኝን ዛሬም እውጣለሁ። ለማንኛውም ደምሽንና እንቅርትሽን ተመርመሪ። የደም ማነስና እንቅርትም ልብ ያስመታል። ያጣሽው ነገር ሳይታወቅ ከሜሪላንድ ምኑ ይላካል?

ሁለተኛ ስኒ፦
እኔ ደግሞ ጠበል ስገባ ሰርትራሊኑን ቆርጬ ነበር፣ አንድ ጊዜ በቃኝ ብዬ። በ3ኛው ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚነዝረኝ መሰለኝ፣ ቆሜ መሄድ አቃተኝ። ጠበሉን አልተውኩም፣ ኪኒኑን በኪሴ ይዤ ነው የምሄደው አሁን። እና ቡናስ? ማንም አላነሳውም። እኔ ሦስተኛውን ትቼ ሁለተኛ ላይ ስቆም ከማንኛውም ቫይታሚን በላይ ለውጥ አይቻለሁ፣ እናቴ እስካሁን አኩርፋኛለች እንጂ።

የለገጣፎዋ፦
ተመልሻለሁ። ትናንት ሦስቱንም በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ዕቃውን እያገላበጠች አንብባ ሙቀቴንና ግፊቴን ለካች፣ ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገች። ቀላሉ ነው፣ ቶሎ መጣሽ አለችኝ። አበባው ተከለከለ፤ ሰርትራሊኑን ለጥቂት ቀን አስቁማኛለች፣ ሐሙስ አይታኝ እንደገና ታስጀምረኛለች። ማግኒዥየሙ ሆዴ እስኪስተካከል ይቆይ ተባለ። የእንቅርት ምርመራም ታዞልኛል። እጄ ዛሬ ይሻለዋል፣ ስኒ ሳላፈስ ይዣለሁ።

አሁን ጭንቀቴ አክስቴ ናት። ቅዳሜ ትደውላለች፣ "ያን አበባ ጀመርሽው?" ማለቷ አይቀርም። ምን ልበላት?

እማማ ሰንዳፋ፦
ጀምሬው ነበር በያት። ውሸት የለበትም።