የኳስ ዜና ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ? ክርክር ከድሬ

የከዚራው፦ ያ ጀማ፣ ሙቀቱ ካልገደለን እስቲ እንከራከር። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያለን ወላጆች ሰሞኑን ለሁለት ተከፍለናል። የእንግሊዝኛው መምህር መጽሐፉን ትቶ የእንግሊዝ ጋዜጦችን የስፖርት ርዕስ እያተመ ክፍል ያመጣል። ልጆቹ ሮምፕ፣ ኮስት፣ ካንተር፣ ትራውንስ የሚሉ ግሶች ይዘው ነው ቤት የሚገቡት። እኔ ይቀጥል ባይ ነኝ። ሮምፕ ማለት ልጆች ወይም ቡችሎች እየተንከባለሉ ሲቦርቁ ነው። ኮስት ብስክሌት ፔዳሉ ሳይመታ ቁልቁለት ሲወርድ፣ ካንተር ፈረስ ሳይጋልብ ዘና ብሎ ሲሮጥ ነው። የስፖርት ጸሐፊዎቹ እነዚህን ሦስቱን ሳያልበው ላሸነፈ ይሰጡታል። ትራውንስ ደግሞ ተጋጣሚን ክፉኛ መርታት ነው። ከዊን (ማሸነፍ) ሌላ የማያውቅ ልጅ እንዲህ ያለ ርዕስ ሲያነብ ማን ማንን እንደረታ እንኳ አይገባውም።

የመጋላው፦ አቦ ተወን! የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ረሳኸው እንዴ? 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ያ ይግባቸው። የቡችላ ቡረቃ ምን ይሰራላቸዋል?

የሳቢያኗ እናት፦ የኔ ነገር ሌላ ነው። ልጄ ሮምፕን ስልክ ላይ ፈለገችው። የወጣላት የእንግሊዝ የሐሜት ጋዜጣ ነው! እነሱ ዘንድ ታዋቂ ሰው ከትዳሩ ውጪ ሲማግጥም ሮምፕ ይሉታል። ምን ብዬ ላስረዳት? መምህሩ ይህን ያውቃል ወይ?

የከዚራው፦ እናቴ፣ ይህማ የስልኩ ጣጣ ነው እንጂ የመምህሩ አይደለም።

የሳቢያኗ እናት፦ ስልኩን እንድትከፍት ያደረጋትስ ማነው? የቤት ሥራው አይደል?

ቲቸር ከለገሃር፦ እኔም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ልግባበት። የመጋላው፣ ፈተናው እኮ ምንባብ አለው። የማያውቁትን ቃል ከዙሪያው ገምተው ካልያዙ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል፣ ለዚህ ደግሞ አጭር የኳስ ዜና ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ውጤቱን አስቀድመው ያውቁታል። ሰዋስውም አለበት። ትራውንስ ተሳቢ ይፈልጋል፣ አንዱ ቡድን ሌላውን ነው ትራውንስ የሚያደርገው። ሮምፕ ግን ተሳቢ አይወድም፣ ወደ ድል ተብሎ ነው የሚጻፈው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት፣ ሁሉንም ግስ እንደ ዊን ይጠቀሙበታል። የማልወደው አስሩን ግስ ባንድ ቀን ማጉረፍ ነው። ሁለት ይበቃል። ደግሞ ኳስ የማይከታተል ልጅ ምን በወጣው? አትሌቲክስም ይግባ።

የገንደ ቆሬው፦ አትሌቲክስ ካልሽ አይቀር ቲቸር፣ እኔ የምጠላቸው ግሶቹን ራሳቸውን ነው። አልማዝ አያና በፈረንጆቹ 2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ጨረሰች። ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ቀነሰችው። ተከታዮቿ ሩቅ ስለቀሩ ብቻ በካንተር አሸነፈች ይባላል? ልጁ ይችን ሩጫ እንደ ሽርሽር አድርጎ ሊጽፋት ነው ማለት ነው። ላቡን ይሰርቁታል እነዚህ ቃላት።

ቲቸር ከለገሃር፦ ታዲያ ይሄን ነው ክፍል ውስጥ የምታከራክራቸው! ጀርመን ብራዚልን በፈረንጆቹ 2014 ዓለም ዋንጫ 7 ለ 1 ስትቀጣ በ29ኛው ደቂቃ 5 ለ 0 ነበር። እዚያ ላይ ሮምፕ ቢሉ ማን ይከራከራል? የአልማዝ ላይ ግን ያንተ ቅሬታ ልክ ነው። የትኛው ግስ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ልጅ ቋንቋውን ይዟል።

የመጋላው፦ እሺ፣ ግን ለምን የእንግሊዝ ሊግ ብቻ? በእኛ 1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር ምድባቸውን የተጫወቱት እዚሁ ድሬ ስታዲየም ነው። የድሬ ልጅ ግን ይህን አያውቅም፣ የማንቸስተርን ተቀያሪ በስም ይጠራልሃል።

የከዚራው፦ በል ጥያቄ ላውጣልህ። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ነች። ሮምፕ ይባላል ወይስ አይባልም?

የመጋላው፦ አይባልም! በመጨረሻው ጨዋታ ጊኒ እየመራቻት ቆይታ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነው አቻ ያደረገችው፣ 1 ለ 1። ዋንጫው በነጥብ ድምር ነበርና አቻ ይበቃት ነበር። ሮምፕ ብሎ የጻፈ ልጅ ዜሮ ይሰጠው።

የገንደ ቆሬው፦ አየኸው፣ አንተም ገባህበት 😂

የሳቢያኗ እናት፦ ሳቁ ጥሩ ነው፣ የኔ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። መምህሩ የሚያመጣውን አትሞ ይስጣቸው፣ ትርጉሙንም እዚያው ክፍል ውስጥ ይጨርሱ። ስልክ የሚያስከፍት የቤት ሥራ እስካለ ድረስ አልስማማም።

ቲቸር ከለገሃር፦ ይሄ ያስኬዳል። እኔም እንደዛ ነው የማደርገው።