ማግኔት የሚስበው ጥቁር ድንጋይ ሜትሮራይት ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 640 ግራም የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ አለኝ። ለመጠኑ በጣም ይከብዳል፣ ማግኔትም አጥብቆ ይስበዋል፣ ቀዳዳ የለውም። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ (ሜትሮራይት) መሆኑን ሳልሰብረው እንዴት ልወቅ?

መልስ 1፦ መስበር አያስፈልግም። እባክዎ ኃይለኛ ማግኔት ግን ከእንግዲህ አያስጠጉበት። ሜትሮራይት ከሆነ በውስጡ የቆየውን ጥንታዊ መግነጢሳዊ አሻራ ያጠፋዋል፤ ለተመራማሪ ደግሞ ያ አሻራ ትልቅ ሀብት ነው። ደካማ ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ማየት ይበቃል። መሳቡ ብቻውንም ማስረጃ አይሆንም፤ ማግኔታይት የሚባለው የምድር ማዕድንም፣ ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ዝቃጭም ይሳባሉ።

የሴራሚክ ንጣፍ ገልብጠው በሻካራው ጀርባ ላይ ድንጋዩን ጫን አድርገው ያስምሩ። ቀይ ቡናማ መስመር ሄማታይት የሚባለውን የምድር የብረት ማዕድን፣ ጥቁር መስመር ማግኔታይትን ያመለክታል። ሜትሮራይት አብዛኛውን ጊዜ አያሰምርም፤ ቢያሰምርም ፈዛዛ ግራጫ ነው። ዝገት ራሱ ቡናማ ስለሚያሰምር ያልዛገውን ጎን ይምረጡ።

መልስ 2፦ ክብደቱንም በግምት አይተዉት። ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ የያዘ ዕቃ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ድንጋዩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ያስገቡ፤ የዕቃውን ታችም ጎንም ከነካ ቁጥሩ ይሳሳታል። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ መጠን በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 640ን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ፤ ውጤቱ እፍጋቱ ነው (ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ)። ድንጋያማ ሜትሮራይት አብዛኛውን ጊዜ ከ3.2 እስከ 3.8 ይመጣል፣ ብረታማው ከ7 እስከ 8። ማግኔታይት 5.2 አካባቢ ነው። ከውሃው እንደወጣ ወዲያው ያድርቁት፤ የሜትሮራይት ብረት ቶሎ ይዝጋል።

ጠያቂ፦ ሚዛኑ 123 አለ፤ ሲካፈል 5.2 መጣ። መስመሩም ጥቁር ነው።

መልስ 2፦ እንግዲያው ማግኔታይት የመሆኑ ነገር በጣም ያመዝናል። ብረትና ድንጋይ የተቀላቀለባቸው ብርቅ ሜትሮራይቶች ወደዚህ ቁጥር ሊጠጉ ስለሚችሉ፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀራል።

መልስ 3፦ እሱም ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ በሞረድ መሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። በአጉሊ መነጽር ይዩት። እንደ ብር የሚያበሩ የብረት ነጥቦች ካሉ ላቦራቶሪ ኒኬሉን ይለካልዎት፤ የሜትሮራይት ብረት ሁልጊዜ ኒኬል አለበት፣ በዝቃጭ ውስጥ ያለው ብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ገጹ ወጥ ጥቁር ከሆነና የሚያበራ ብረት ከሌለው ማግኔታይት ነው፤ ለላቦራቶሪ ገንዘብ አያውጡ።