ልጄን ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ያለ መድኃኒት መለሱን፣ ልክ ነው?

አዲስ እናት፦
ሰላም እናቶችና አባቶች። ወንድ ልጄ 14 ወሩ ነው። አራት ቀን ሆነው፣ ያስለዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ልብሱን ገልጣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች፣ 34 ነው አለችኝ። ከዛ «ጉንፋን ነው፣ በ5 ቀን ካልተሻለው መልሺው» ብላ ሸኘችን። ሽሮፕ እንኳን አልሰጠችንም! ራጅም አላዘዘችም። አማቴ «ምች ነው የመታው፣ ዳማ ከሴ ጨምቀን አፍንጫው ውስጥ እናድርግለት» ይላሉ። ባለቤቴ አሞክሲሲሊን እንስጠው ይላል፣ የዛሬ ሦስት ወር የጀመርነው ግማሽ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አለ። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ጨንቆኛል። ምን ትላላችሁ?

ሲስተር፣ ሕፃናት ክፍል፦
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል፣ ግን ነርሷ ዋናውን ምርመራ አድርጋልሻለች። የሚያስልን ልጅ ስናይ መጀመሪያ የምንፈልገው የሳንባ ምች (ኒሞኒያ፣ ሳንባን የሚይዝ ኢንፌክሽን) አለው ወይ የሚለውን ነው፣ ለዛ ደግሞ ራጅ ሳይሆን ትንፋሽ መቁጠር ነው የሚቀድመው። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዛ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው እንላለን። ያንቺው 34 ነው። ደረቱም ወደ ውስጥ ካልተሰረጎደ ጉንፋን ነው፣ ጉንፋን ደግሞ ከቫይረስ ስለሚመጣ፣ ባክቴሪያን የሚገድለው አሞክሲሲሊን ምንም አይሠራለትም፣ ተቅማጥ ግን ሊያመጣበት ይችላል። የፍሪጁን ጠርሙስ አሁኑኑ ድፊው። አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ የሚቆየው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው።

ስለ ምች ደግሞ፣ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። አማትሽ የሚሉት ምችና እኛ የሳንባ ምች የምንለው አንድ አይደሉም። በእውነት ይሄ ስም ስንት ልጅ ቤት እንዳስቀረ ሳስበው ያናድደኛል፣ «የሳንባ ምች ይዞታል» ስንላቸው ዳማ ከሴ ፍለጋ የሚሄዱ አሉ። ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ጭማቂ መጨመር ሳንባው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል አደገኛ ነው። እማማን በቀስታ አስረጂያቸው፣ ለልጁ አስበው ነው።

ጡት አብዢለት፣ ለብ ያለ ነገር ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ዓመት ስላለፈው ትንሽ ማር ይችላል (ከዓመት በታች ላለ ግን ማር አይሰጥም)። የአዋቂ የሳል ሽሮፕ እንዳትሞክሪ። ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል አታስተኚው። ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሲስተር ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ትንሿ ልጄ 7 ወሯ ሳለች ጉንፋን ነው ብዬ ሦስት ቀን ሽሮፕ ሳጠጣት ቆየሁ፣ ማታ ልብሷን ስቀይር ነው ከጎድኗ በታች ሲሰረጎድ ያየሁት፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጡቱንም ትይዝና ትለቀዋለች። ሌሊቱን ሆስፒታል ገባን፣ ኦክስጅን ተደረገላት። ተርፋልኛለች፣ ተመስገን። ያን ጊዜ ልብስ ገልጦ ማየት እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እባክሽ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አታስተኚው፣ ግለጪና እዪው።

አባት ከጀሞ፦
ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ነበር? ቆላ አካባቢ፣ ከ2000 ሜትር በታች ከሆነ ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራ መጠየቅ አለባችሁ፣ ጤና ጣቢያ ጣቱን ወግተው ወዲያው ያዩላችኋል። ሌላው የክትባት ካርዱ ነው። የሳንባ ምች መከላከያው በ2004 ዓ.ም. ነው እኛ አገር የገባው፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ካመለጠው ነርሷን ጠይቂ።

ሲስተር፣ ሕፃናት ክፍል፦
ልክ ነው። እህቴ፣ 5 ቀኑን የማትጠብቂባቸውን ደግሞ ልንገርሽ፦ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነቃ ወይም በጣም ከፈዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደረቱ ከተሰረጎደ። ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ውጪ።

አዲስ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ክትባቱ ሙሉ ነው፣ ከከተማም አልወጣንም። ጠርሙሱን ደፍቼዋለሁ። አሁን ተኝቶ ሳለ ስልኬን ይዤ ሁለቴ ቆጠርኩት፣ 31 እና 33። ደረቱ አይሰረጎድም፣ አሁን ጠብቶ ነው የተኛው። አማቴም አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ቆጠሩ፣ ዳማ ከሴውን ትተው «ሌሊት ደግሞ እኔ እቆጥርለታለሁ» ብለውኛል። አምስተኛው ቀን ላይ ካልተሻለው እንመለሳለን።