«በገበያ ከሌለ ብቻ» የሚለውን ገደብ እንዴት እናስወጣው?

ለዓይነ ስውራን መብት የቅጂ መብት ረቂቅ ሕግ ለማሻሻል ስንሟገት አንድ ሐረግ ላይ ተይዘናል፤ እርዱን። ረቂቁ መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ወደ ብሬል ወይም ድምፅ መቀየር የሚቻለው «በገበያ ከሌለ ብቻ» ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን በሚመች ቅርጽ እንዲዘጋጁ የሚፈቅደው ዓለም አቀፍ ውል፣ የማራካሽ ስምምነት፣ አንቀጽ 4(4) ይህን ገደብ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። አሳታሚዎች ግን አጥብቀው ይዘውታል።

ጉዳቱ ከባድ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በየመጽሐፉ ገበያ ሲያስስ የተማሪው ፈተና ያልፋል። ይባስ ብሎ በምስል መልክ የተቀመጠ ፒዲኤፍ፣ ስክሪን ሪደር (በስክሪን ላይ ያለን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ባያነበውም «አለ» ይባላል።

ማስወጣቱ ካልተሳካ «በተፈለገው ተደራሽ ቅርጽ፣ በተመጣጣኝ ሁኔታ» የሚል እንጨምራለን፤ የስምምነቱ አነጋገርም ይኸው ነው። የማጣራቱን ሸክም በአሳታሚው ላይ የሚጥል አንቀጽ ያረቀቃችሁ ካላችሁ ግን ቃል በቃል አካፍሉን።