አስቸኳይ፦ የፖርሽ ፓናሜራዬ ጎማ ተቆረጠ፤ ስኮርታ የለውም!

የቀበና ልጅ፦
ወገኖቼ ድረሱልኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አለፍ ብሎ 495 አውራ ጎዳና ዳር ቆሜያለሁ። የኋላ ቀኝ ጎማዬ ጉድጓድ መትቶ ተኝቷል። የዕቃ መጫኛውን ከፍቼ ብፈልግ ስኮርታ የለም፤ ያለው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ትንሽ የንፋስ መሙያ ነው። ልሙላበት? ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ክሮስትሬክ እንግዛ ብዬህ ነበር» ትላለች። በዚያው ፍረዱን፤ የ2012 (እ.ኤ.አ.) ፓናሜራ 4ኤስ ወይስ አዲስ ሱባሩ ክሮስትሬክ?

ሰፈረ ሰላም፦
ሙላበት። ተሠርቶ የተሰጠህ ለዚሁ ነው።

መምህሩ፦
በመጀመሪያ ጉድጓዱ ከየት እንደመጣ እንረዳ። የክረምቱ ውኃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ይገባል፤ ሌሊት ሲበርድ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ሲቀልጥ ከሥር ባዶ ይተዋል፤ ከዚያ የከባድ መኪና እግር ይሰብረዋል። ፓናሜራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻንጋይ ላይ ለዓለም ሲቀርብ የታሰበው ለረጅምና ለለስላሳ መንገድ...

አዲሱ ገበያ፦
መምህር፣ ሰውየው መንገድ ዳር ነው! የቀበና ልጅ፣ 400 የፈረስ ጉልበት ይዘህ ቆምህ? አንዱን ፈረስ ፈትተህ ተቀመጥበት እንጂ።

ጎሚስታው፦
የተቆረጠው መሬት የሚረግጠው ፊቱ ነው ወይስ ጎኑ?

የቀበና ልጅ፦
ጎኑ። የትንሿ ጣቴ ጫፍ ይገባበታል። ቸርኬውም ጠርዙ ትንሽ ታጥፏል።

ጎሚስታው፦
እንግዲያው ፈሳሹን አትንካው። ጎኑ የተቆረጠ ጎማ አይጠገንም፤ ፈሳሹም ውስጡን ያጨማልቀዋል እንጂ አይይዝም። አራቱም እግሩ ስለሚነዳ ሁለት እግሩን አንጠልጥሎ የሚጎትት መኪና አትቀበል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጭን ጥራ። ባለቤትህን ደግሞ አሁኑኑ ከመኪናው አውርድ፤ ከመንገዱ ዳር ብረት ጀርባ ቁሙ። ሌላኛው የኋላ ጎማ ያለቀ ከሆነ ሁለቱን በአንድ ላይ ቀይር።

ሰፈረ ሰላም፦
ፈሳሹን ሞክረው እላለሁ። የእኔ ቶዮታ ላይ ሠርቷል።

ጎሚስታው፦
ያንተን ሚስማር ነበር የወጋው።

ወይዘሮ አልማዝ፦
ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል፤ ባለ 4.8 ሊትር ሞተር መኪና በጣም ትንሽ ሞተር ካለው ጋር በፍጥነት አይወዳደርም። ልጆች ስንት ናቸው? የእርስዎ ፓናሜራ አራት ሰው ነው የሚይዘው፤ ክሮስትሬክ አምስት።

የቀበና ልጅ፦
ሁለት አሉ፤ ሦስተኛው በግንቦት ይመጣል። ግን እትዬ አልማዝ፣ ይህን መኪና አንድ ቀን ነድተውት ቢያውቁ እንዲህ አይሉም ነበር።

ወይዘሮ አልማዝ፦
ሦስተኛውን ኮፈኑ ላይ ሊያስሩት ነው?

ጎሚስታው፦
እኔ በጎማ ልፍረድ። ያንተ የኋላ ጎማ ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ከሆነ 295/35 ነው፤ ስፋቱ 295 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 35 በመቶ፣ ማለትም 103 ሚሊ ሜትር ገደማ። የክሮስትሬክ 225/60 አር 17 ግን 135 ነው። ያ የሦስት ጣት ስፋት የማይሞላ የላስቲክ ልዩነት ነው ዛሬ ቸርኬህን ያተርፍልህ የነበረው። ክሮስትሬክ ቤንዚኑም ተራው ይበቃዋል። መንገዱ ባዶና ደህና ሲሆን ግን የፓናሜራን ያህል ደስታ አይሰጥህም፤ አልዋሽህም።

መምህሩ፦
ለኢንሹራንስህም ደውል፤ የጉድጓድ ጉዳት ከግጭት ሽፋን ውስጥ ይገባል። ከኪስህ የምትከፍለው ድርሻ ከጎማውና ከቸርኬው ዋጋ ከበለጠ ግን ዝም በል።

አዲሱ ገበያ፦
መምህር ዛሬ አንድ ጠቃሚ ነገር ተናገረ!

ሰፈረ ሰላም፦
ፈሳሹስ?

አዲሱ ገበያ፦
የቀበና ልጅ፣ ጫኙ መጣ? ከሸጥከው ቅድሚያ ለእኔ፤ ስንት ትላለህ?