ገምጋሚውም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ሲሆን የት አቤት ይባላል?

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። የወባ ተሕዋሲ መድኃኒት መላመዱን ለማጥናት ለመንግሥት የምርምር ድጋፍ ተወዳድሬ ወደቅሁ። መውደቅ ያለ ነው። ግን የደረሰኝ መልስ አንዲት ቃል ናት፦ «አልተመረጠም»። ነጥብ የለ፣ አስተያየት የለ። ኋላ ላይ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ባሸነፈው ፕሮጀክት ውስጥ ስሙ እንዳለ አየሁ። እንቅልፍ ነሳኝ።

የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ድጋፍ ሰጪ ኤንአይኤች ግን ለማመልከቻዎች ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፣ 1 ምርጡ ነው። የጥቅም ግጭት ያለበት ገምጋሚ ያ ማመልከቻ ሲታይ ከክፍሉ ይወጣል። የወደቀም ሰው የገምጋሚዎቹን አስተያየት በጽሑፍ ያገኛል።

የሕዝብ ገንዘብ ነው እኮ! ቅሬታዬን መጀመሪያ ለራሱ ለሰጪው መሥሪያ ቤት ላስገባ ወይስ በቀጥታ ለእንባ ጠባቂ? አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች በእኔ ጦስ እንዳይጎዱ እሰጋለሁ። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ምከሩኝ።