ለትምህርት ቤታችን 40 ታብሌት፦ ሲም የሚቀበል ወይስ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ?

አወያዩ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ለተማርንበት ትምህርት ቤት ያዋጣነው ገንዘብ 40 ታብሌት ለመግዛት ደርሷል። ከደብረ ብርሃን አልፋ ያለችውን ከተማችንን ታውቋታላችሁ፤ መብራቱም ኔትወርኩም አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ወደዚህ ሥራ የገባነው የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ ነው። የእኛ ልጆች ከወረቀት ውጪ ፈተና አይተው አያውቁም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህም የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ አብዛኞቹ የሚያነቡት ከስልክ ወደ ስልክ የሚቀባበሉትን ፒዲኤፍ ነው።

ኮሚቴው እሑድ ተሰብስቦ ሳይስማማ ተበተነ። ግማሾቻችን ሲም ካርድ የሚቀበል ታብሌት ይገዛ አልን፤ ግማሾቹ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ይበቃል አሉ። እኔ ሲም ወዳለው አደላለሁ። ገንዘቡ የሁላችን ስለሆነ ሐሳባችሁን በግልጽ ንገሩን።

አንድ ወንድም (ቨርጂኒያ)

ሲም ያለው ይገዛ። ሲም ያለው ታብሌት ዋይፋይም አለው፤ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው ግን ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ ከዓለም ይቆራረጣል። ልጆቹ እኮ ከትምህርት ቤት ውጪ የሚያሳልፉት ጊዜ ይበልጣል።

ዋጋውን አይቻለሁ። 11ኛው ትውልድ አይፓድ እዚህ ለገበያ ሲቀርብ ዋይፋይ ብቻ ያለው 349 ዶላር፣ የሞባይል ኔትወርክ ያለው 499 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 150 ዶላር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው አይፓድ ሲወጣም 130 ዶላር ነበርና አዲስ ነገር አይደለም። ለ40 ታብሌት 6,000 ዶላር ተጨማሪ ይሆናል። እዚህ ያለን ሰዎች ተነጋግረን ልዩነቱን እንሸፍናለን። ለልጅ ሲገዛ ጎዶሎ ነገር መግዛት አልወድም።

ስልክ ጠጋኝ (መርካቶ)

ወንድሜ፣ ቅንነትህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የጠቀስከው አይፓድ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ እንኳ የለውም። የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው፤ ኢሲም ማለት ከመሣሪያው ጋር ተሠርቶ የሚመጣ፣ የማይወጣና የማይገባ ሲም ነው። ከተማችን ውስጥ ሱቅ ገብቶ ሲም ገዝቶ መክተት አይቻልም ማለት ነው። ሲም ቢኖረውም ቁጥር ደውሎ እንደ ስልክ አያነጋግርም፤ በአጭር መልእክት የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም በራሱ አይቀበልም። ሰው ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ወደ እኔ ያመጣና «ተበላሽቷል» ይለኛል። አልተበላሸም፤ ሲሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ከውጭ አገር በቴሌኮም ድርጅት ውል በቅናሽ የተገዛ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ለዚያ ድርጅት የተቆለፈ ነው። የእኛን ሲም ስትከትበት አልቀበልም ይላል። ሲም ያለው ካላችሁ «ያልተቆለፈ» የሚለውን ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ሲም ያለው መሣሪያ ምሰሶውን ፍለጋ ኃይሉን ሲጨርስ ይውላል። መብራት በሌለበት ቀን ይህ ትልቅ ጉዳት ነው።

ለተማሪ እኔ የምመርጠው ማስታወሻ ካርድ የሚቀበል ታብሌት ነው። ለምሳሌ ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 በሁለቱም ዓይነት አለ፤ ሁለቱም ማይክሮ ኤስዲ የሚባለውን ትንሽ ማስታወሻ ካርድ ይቀበላሉ። አይፓድ ካርድ መክተቻ የለውም። የ12ቱም ክፍል መጻሕፍት አንድ ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ተጭነው ሊሄዱ ይችላሉ።

አንድ ወንድም (ቨርጂኒያ)

የኢሲሙን ነገር አላውቅም ነበር፤ ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ። አይፓዱን ትቻለሁ። ሲሙን ግን አልተውኩም።

መምህር (ከትምህርት ቤቱ)

የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ታብሌቶቹ ሲመጡ የምረከባቸው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ላስረዝም።

ከ3 ዓመት በፊት አንድ ድርጅት 15 ሲም ያላቸው ታብሌቶች ሰጥቶን ነበር። ሲሞቹ የአንድ ወር የዳታ ጥቅል ተሞልቶላቸው መጡ። የመጀመሪያው ወር እውነትም በዓል ነበር፤ የፊዚክስ ቪዲዮ ከፍቼ ልጆቹ ዝም ብለው ሲያዩ ዕንባ መጣብኝ። በሁለተኛው ወር ጥቅሉ አለቀ። ድርጅቱ «የእኛ ድርሻ መሣሪያው ነው» አለ፤ ትምህርት ቤቱ ለኢንተርኔት ጥቅል የተያዘ በጀት የለውም። በሦስተኛው ወር ታብሌቶቹን ስሰበስብ ከ15ቱ በ9ኙ ውስጥ ሲም አልነበረም። ማውጫዋ መርፌ በእኔ እጅ ነበረች፤ ልጆቹ በጉትቻ ጫፍ እየወጉ አውጥተው በቤተሰብ ስልክ ላይ ከተውታል። አልተቆጣኋቸውም። ባዶ ሲም ታብሌት ውስጥ ከሚተኛ እናቱን ቢያስደውል ይሻላል።

እናም ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ታብሌቱን የሚገዛው ታውቋል፣ የሁለተኛውን ወር ጥቅል የሚገዛው ማነው? የ150 ዶላሩ ልዩነት አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። ጥቅሉ ግን ለ40 ልጅ፣ በየወሩ፣ ልጁ እስኪመረቅ ድረስ ነው።

ሁላችሁም የምትቀላቅሉት አንድ ነገር አለ፤ ዋይፋይ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ዋይፋይ መሣሪያን ከመሣሪያ የሚያገናኝ ሬዲዮ ነው። ኢንተርኔት ከጀርባው ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል። አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይ የምትባለው የእጅ መዳፍ የምታህለው እንኳ ብትሆን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትቀመጣለች። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫንባታል፤ ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ታስቦ የተሠራ ነው፣ ካን አካዳሚ የተባለው ድርጅት በነፃ የሚያቀርባቸውን ትምህርቶች ጨምሮ የሂሳብና የሳይንስ ቪዲዮና መልመጃ ይይዛል። ድረ ገጽን ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው በኪዊክስ ፕሮግራም ደግሞ ውክፔዲያን ሙሉውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። እኛ የምናወጣውን የፈተና መለማመጃም እዚያው እንጭናለን። ልጆቹ በዋይፋይ ይገናኙና አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ ያነባሉ። መብራት ቢጠፋ ኮምፒውተሯ በ5 ቮልት ስለምትሠራ በፓወር ባንክ ትቀጥላለች።

ለዚህ ሲም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በቂ የዋይፋይ ማሰራጫ ነው። በአንድ የቤት ራውተር ላይ 40 ልጅ ቪዲዮ ቢከፍት ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ ከሲሙ ከሚተርፈው ገንዘብ ሁለት ጥሩ ማሰራጫ ግዙልኝ።

አወያዩ (አዲስ አበባ)

መምህር፣ የጉትቻውን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። ስለ ቀደመው ልገሳ ማንም አልነገረንም ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (ባሕር ዳር)

የእናንተው ታናሽ ነኝ፤ ከዚያው ትምህርት ቤት ከወጣሁ 4 ዓመት ሆኖኛል። ከመምህር ጋር እስማማለሁ። አጎቴ ከሪያድ ያመጣልኝ ሲም ያለው ታብሌት ነበረኝ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ሲም ለብዙ ወራት ጥቅም አልነበረውም። በመደበኛ መስመር የሚሠራ ዋይፋይ ያለው አንድ ሆቴል ነበርና ማታ ማታ ከአጥሩ ሥር በድንጋይ ላይ ተደርድረን እንቀመጥ ነበር። ጥበቃው ደግ ሰው ስለነበር ዝናብ ሲመጣ ወደ በረንዳው ያስገባናል። ከአጠገቤ የነበሩት ዋይፋይ ብቻ ያለው ርካሽ ታብሌት የያዙ ልጆች ከእኔ እኩል ያወርዱ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የፈተና ሰሞንም ኢንተርኔት ተዘግቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ልጅ በጣም በሚፈልገው ሰዓት የሚዘጋ ነገር ላይ ሙሉ ገንዘባችንን አናፍስስ።

አንዲት እህት (ዱባይ)

እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። መምህር፣ ስለ ልጆቹ ያለዎትን ፍቅር አየሁት፤ እግዚአብሔር ይስጥዎ። ነገር ግን የሁላችሁም ንግግር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። እኔ ከዚያ ውጪ ስላለው ልናገር።

በዚያች ከተማ 3 ዓመት ቤት ተከራይቼ ተምሬያለሁ። እሑድ እሑድ የሳምንት ስንቄን ተሸክሜ 4 ሰዓት በእግር እመጣ ነበር። በእኔ ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ በ11 ሰዓት ይዘጋ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው እንደሆነ እህቴ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ሴት ልጅ ምን ታደርጋለች? ውኃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ሲመሽ በሯን ትዘጋለች። የዚያ ታናሽ ወንድማችን የሆቴል አጥር ለእርሱ ጥሩ ነበር። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ማታ በ3 ሰዓት ከሆቴል አጥር ሥር እንድትቀመጥ የሚፈቅድ ከመካከላችሁ ማነው?

«ከቤተሰብ ስልክ ሆትስፖት ታድርግ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስልኩ የአባት ነው፤ አባት ያለው ደግሞ 4 ሰዓት ርቆ ገጠር ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ ቢጠፋት እስከ ማግስቱ ትጠብቅ ነበር፤ በማግስቱ መምህሩ ካልመጣ ሳምንት ትጠብቃለች። እኔ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ያላለፈልኝ ስለ ሰነፍኩ አይደለም። አሁን በሰው ቤት እየሠራሁ ያዋጣሁት ገንዘብ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ ለተወለደ ልጅ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም።

መምህር (ከትምህርት ቤቱ)

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ከማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ተከራዮች ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከኮሊብሪ የሚፈለገውን ትምህርት ታብሌቱ ላይ አስቀምጦ ይዞ መሄድ ይቻላል። ዓርብ ከሰዓት የሳምንቱን አውርደው ቢሄዱ ማታ በክፍላቸው ያለ ኔትወርክ ያነባሉ። ታብሌቱ ግን ከትምህርት ቤት እንዲወጣ አስተዳደሩ መፍቀድ አለበት፤ እስካሁን አይፈቅድም።

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር (ደብረ ብርሃን)

ልጆቼ፣ ክርክራችሁ አንድ ነገር አስታወሰኝ። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ማንበብ ለማይችሉ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። በታሸገ ካርቶን አስቀመጡላቸው፤ አስተማሪ አልነበረም፣ ኃይል የሚሞላው በፀሐይ ነበር። ኢንተርኔትም አልነበረም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ተጭኖበት በሳምንት አንድ ቀን ሰው እየሄደ ማስታወሻ ካርዱን ይቀይር ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት 4 ደቂቃ ብቻ ፈጀበት፤ በ5 ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት።

ያ ሁሉ የሆነው ያለ ሲም ነው። ታብሌቱ ግን የተቆለፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ልጆቹ እጅ ላይ ነበር። እኔ ርዕሰ መምህር ሳለሁ ዕቃ እንዳይጠፋ ብዬ መጻሕፍት ቆልፌ አውቃለሁ፤ ዛሬ ያንን አስቤ እጸጸታለሁ። አሁን ካለው ርዕሰ መምህር ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ወላጅ ወይም አከራይ ፈርሞ ልጁ ወደ ቤቱ ይዞት ይሂድ።

ስልክ ጠጋኝ (መርካቶ)

ጋሼ እንዳሉት ከሆነ እኔም አንድ ነገር ልበል። ወደ ቤት የሚሄድ ታብሌት መሸፈኛና የመስታወት መከላከያ ይኑረው፤ መስታወት መቀየር የታብሌቱን ዋጋ ሲሶ ሊበላ ይችላል። የቻርጀር ቀዳዳቸው የላላባቸውን ለአንድ ዓመት በነፃ እሠራለሁ፤ በመኪና ላኩልኝ።

አንዲት እህት (ዱባይ)

ጋሼ፣ ያሉት ልቤን ነክቶታል። ታብሌቱ ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ አብዛኛው ዋይፋይ ብቻ ቢሆን አልቃወምም። ያም ሆኖ ተከራይተው ከሚማሩት ሴቶች መካከል መምህር ለሚመርጧቸው 6 ልጆች ሲም ያለው ይገዛ። ልዩነቱንና የ10 ወር ጥቅሉን እኔና እዚህ ያሉ 3 ጓደኞቼ እንከፍላለን። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ለመምህር እንልካለን፤ ያንን ለማንም አንተውም። ጥያቄ ያላት ልጅ በዚያው ማታ ትጠይቅ፣ ለሌሎቹም ታካፍል።

አንድ ወንድም (ቨርጂኒያ)

ልዩነቱን ለእኛ ተይልን፤ ጥቅሉን እናንተ ያዙ።

አወያዩ (አዲስ አበባ)

መዝግቤያለሁ፦ 34 በዋይፋይ የሚሠራ፣ 6 ያልተቆለፈ ሲም የሚቀበል፣ ሁሉም ማስታወሻ ካርድ ያለው፣ ከ2 ማሰራጫና ከ1 አነስተኛ ኮምፒውተር ጋር። ጋሼ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ታብሌቱ ወደ ቤት እንዲሄድ እስኪፈቀድ ግን ብሩን ከባንክ አላወጣም። መምህር፣ እስከዚያው ልጆቹ የተከራዩባቸውን ሰፈሮች ዞረው ኔትወርኩ የት የት እንደሚይዝ ይመልከቱልን፤ ማታ በ2 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል።

መምህር (ከትምህርት ቤቱ)

ዛሬ ማታ ሁለት ተማሪዎች ይዤ በወንዙ በኩል ካለው ሰፈር እጀምራለሁ።